ወደ ግራ ያዘመመው ቃል

ፀጉር ማድረቂያውን በግራ እጇ ይዛ የቀኝ አውራ ጣቷን ጥፍር ሚኒባሱ ጎን ላይ ከተለጠፈው «ሁ» ሥር ስታስገባ ፊደሉ ተሰበረ። አዲስ ስቲከር ሲሞቅ ይለሰልስና ባንዴ ይላቀቃል፤ ዓመታት ፀሐይ የመታው ግን እንደ ቁስል ቅርፊት በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚነሳው። የተነሳውን መሬት ላይ መጣል አልሆነላትም። እየለቀመች ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«እምቢ አለሽ እንዴ?» አለ ሚኒባሱን የገዛው ሰውዬ። ራሱም ሾፌር ነው፤ ከአጠገቧ ቆሞ የኋላውን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል።

«እምቢ አላለም። አርጅቶ ነው።»

«ቀስ በይ፣ እህቴ። እኔ አልቸኮልኩም።»

እግሩ ግን ቸኩሏል። አይፈረድበትም፤ ሰው ከሞተበት ቤት ግቢ ውስጥ መቆም ማንን ደስ ይለዋል? ቤተሰቡ የሚያለቅስ መስሎ ከታየው ቀና ብሎ ጣሪያ ያያል፣ ዝም ያለ ከመሰለው ጎማውን ይመታል።

ከሚኒባሱ ወዲያ ማዶ በረንዳው ላይ የተቀመጠችው እናቷ ድምፅ ሰማች።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ፀጉር ማድረቂያ ነው፣ እማ።»

«ዛሬ? መኪናው በሚወጣበት ቀን ፀጉር ትሠሪያለሽ?»

ገዢው ሳቁን ጉሮሮው ላይ አስቀረው። እሷ አልሳቀችም። እናቷ የምታውቀው መኪናው መሸጡን ብቻ ነው። ቃሉ ከመኪናው ላይ ተልጦ እንደሚወርድ ማንም አልነገራትም፤ የመንገሩ ዕዳ የወደቀው ደግሞ እሷ ላይ ነው። ለዚህም ነው ከበረንዳው ከማይታየው ከቀኝ ጎን የጀመረችው። ቀኙ እስኪያልቅ አፏ ይፈታ ይሆናል ብላ ነበር።

መናኸሪያው በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለመኪና ጽሑፍ ትቆርጣለች። ሜትር ሳትይዝ አንድ ፊደል ስለማትለጥፍ ሾፌሮች «ኢንጅነር» ይሏታል። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ አሁን ሌላ ስም ያላት መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ኮምፒዩተሯ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፊደል አለ፤ እንጀራዋ ግን አንዱ ነው። ወፍራም፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ ጫፉ ላይ ጭራም ጌጥም የሌለው። «ሯጩ» ትለዋለች፣ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ስለሚመስል። ጎማ ቤቱ ሯጩን ይፈልጋል። ጂሙ፣ የመለዋወጫ ሱቁ፣ የኳስ ቡድኑ ማሊያ፣ «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ መስኮቱ ላይ የሚለጥፈው ጫማ ነጋዴ፣ ሁሉም ናሙናውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መጨረሻ ላይ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ሯጩ ላይ ነው። ለሠርግ ጥሪ አይሆንም፤ ሙሽሮቹን ሰው የሚያባርራቸው ያስመስላል። ለሐዘን ማስታወቂያማ ጭራሽ አይታሰብም።

የወንድሟን የሐዘን ማስታወቂያ የሠራችው ራሷ ናት። ቀጥ ብሎ በቆመ ቀጭን ፊደል ጻፈችው፣ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ። ታትሞ ሲወጣ አየችውና ፎቶው ሥር ያለው ስም የሌላ ሰው ስም መሰላት። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያለቀሰችው።

ታናሿ ነበር። ቀጠሮ ሰጥቶ በሰዓቱ የደረሰበት ቀን የለም። ሲደወልለት «መጣሁ!» ይላል፤ መጣሁ ሲል ገና ካልሲ እየፈለገ ነው። «መጣሁ መጣሁ፣ መታጠፊያው ላይ ነኝ» ሲል ከጀርባው የሻወር ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ሚኒባሱን የገዛ ዕለት በቀጥታ ነድቶ ሱቋ በር ላይ አቆመው።

«ምን ልጻፍልህ?» አለችው።

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«መጣሁ» ብላ ጻፈች። «ተሳፋሪው ውሸትህን ከሩቅ ይወቀው።»

እየሳቀ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ እሱም እንደ እሷ ስሙን አጣ። መናኸሪያው ሁሉ «መጣሁ» ይለው ጀመር፤ «መጣሁ ሄደ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞላ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኗት ነበር። «እማ ከበረንዳ ሆና እንድታየው አድርጊልኝ» አላት። የእናታቸው ዓይን ከደከመ ቆይቷል። የሰው ፊት አይለይላትም፤ ቀጭን ጽሑፍ ለእሷ ከባዶ ወረቀት እኩል ነው። ስለዚህ ሯጩን ከወትሮው አብልጣ አወፈረችው። ሲወፍር የ«መ» ሁለት ቀዳዳዎች ተደፈኑና ፊደሉ ከሩቅ ሲያዩት ድቡልቡል ነገር ሆነ፤ በከተር ምላጭ አንድ በአንድ መልሳ ከፈተቻቸው። ሰማያዊ መኪና ላይ ነጭ ፊደል፣ በሁለቱም ጎንና በኋላው። ማታ ማታ ሚኒባሱ በግቢው በር ሲገባ እናት የምታየው መጀመሪያ ቃሉን ነበር። «መጣሁ መጣ!» ትላለች፣ ወደ ቤት ውስጥ ዞራ።

የግራው ጎን ግን አስቸግሯቸው ነበር። ሯጩ የሚያዘምመው ወደ ቀኝ ነው። በመኪና ቀኝ ጎን ላይ ይህ ያምራል፤ ቃሉ መኪናው ወደሚሄድበት ይሮጣል። በግራ ጎን ሲለጠፍ ግን የመኪናው አፍንጫ በሌላ በኩል ነው፤ ቃሉ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ወንድሟ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ አየው፣ አየው።

«ይኼኛው መጣሁ እያለ ወደ ኋላ ነው እኮ የሚሮጠው» አለ።

«ያንተን ጠባይ ይዞ ነዋ።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ ግን የጀመረችውን አጣሞ መተው አይሆንላትም። የለጠፈችውን ልጣ ለግራው ጎን ብቻ ወደ ግራ ያዘመመ ፊደል ሠራች። ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ ሲያጋድመው ውፍረቱ ተበላሸባትና ሦስቱንም ፊደል በእጇ ሣለቻቸው። ሌሎቹ ስቲከር ቆራጮች እያዩ «ይሄ ጽሑፍ ጠጥቷል» ብለው አሹፈውባታል። እንደዚያ የተቆረጠ ቃል ከዚያ መኪና በቀር የትም የለም።

የሞተው እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ነው። የእጅ ፍሬኑን ስቧል፣ ሞተሩን አጥፍቷል፣ ከዚያ መሪው ላይ ተደገፈ። ተሳፋሪዎቹ እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው ጥቂት ታገሡት። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ለእናቱ ደውሎላት ነበር። የነገራት ያንኑ አንድ ቃል ነው።

መኪናውን ጓደኞቹ ነድተው አምጥተው ግቢው ውስጥ አቆሙት፤ ግራው ጎን ወደ በረንዳው ዞሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናት በየጠዋቱ ወንበሯን አውጥታ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። የወንድሟ ሚስት ደግሞ በየጠዋቱ ፊቷን አዙራ በጎኑ ታልፋለች።

ቀኙ ጎን ተልጦ አለቀ። ሙጫውን ቤንዚን በነካ ጨርቅ ስትጠርገው ገዢው ቀረብ አለ።

«አሁንም እኮ ይነበባል» አለ።

እውነቱን ነው። መኪናው በዕድሜ ብዛት ደብዝዟል፤ ስቲከሩ የሸፈነው ቦታ ግን ፀሐይ አልነካውም። ነጩ ቃል በተነሳበት ቦታ ሌላ ቃል ቆሟል፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ቁልጭ ያለ። መኪናው አዲስ በነበረበት ቀን የነበረው ቀለም ነው። ይህ እንደሚሆን ከሥራዋ ታውቃለች፤ ማወቅ ማለት ግን መዘጋጀት ማለት አይደለም።

«በፖሊሽ ይጠፋል» አለችው። «ጎኑን በሙሉ ካሸሁት ይመሳሰላል።»

«ቃሉን ጠልቼው እንዳይመስልሽ። መናኸሪያው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው በሩን ከፍቶ እየገባ ‹መጣሁስ?› ሲለኝ ምን ልመልስለት?»

«ገብቶኛል።»

«ተሳፋሪ የሚገባው በቀኝ ነው። ቀኙንና ኋላውን አጥፊልኝ። ግራው ስቲከሩ ይነሳ እንጂ ጥላውን ብትተዪው እኔ ግድ የለኝም። እንደ ፈለጋችሁ።»

ፖሊሹን ጨርቅ ላይ አድርጋ አሸች። ትከሻዋ እስኪዝል አሸች። ደብዛዛው ቀለም ከላዩ ተገፎ ሲወጣ ጎኑ በሙሉ ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት ሆነ። መጀመሪያ «ጣ» ጠፋ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ኋላውንም ልጣ እንዲሁ አደረገችው። ስትጨርስ የፖሊሹን ቆርቆሮ ከድና መሬት አስቀመጠችው።

የወንድሟ ሚስት ውሃ ይዛላት መጣች። ብርጭቆውን ስትሰጣት ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

«አለቀ?»

«ግራው ቀርቷል።»

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

«እኔ ልንገራት? ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ባይል እንኳ አስነሳው ነበር።»

«ተዪው፣ እኔ እነግራታለሁ።»

ሚስቲቱ ግን አልሄደችም። የቀሚሷን እጅጌ ጫፍ ታሻሻለች።

«ክፋት እንዳይመስላችሁ» አለች።

«ማን ክፉ አለሽ?»

«እናንተማ አላላችሁም። ልብስ ላሰጣ ስወጣ መጣሁ ይለኛል። ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ መጣሁ። አንድ ቀን እኮ እንቅልፌን ሳልጨርስ ተነስቼ በመስኮት አየሁትና ራት አሞቅኩ። ሁለት ሰሐን አወጣሁ። ሰሐኑን ይዤ ነው የነቃሁት።» አፏን በእጇ ሸፈነች። «እሷን ያጽናናታል፣ አያለሁ። እኔን ግን ገደለኝ።»

ኢንጅነሯ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። ለቀልድ የጻፈችው ቃል ነበር። አንድ ቀልድ ሁለት ሴቶች ላይ እንዲህ ይወድቃል ብላ በምን ታስበው? በፖሊሽ የቆሸሸ እጇን ራቅ አድርጋ በክንዷ ብቻ አቀፈቻት።

ከዚያ ማድረቂያውንና የፖሊሹን ቆርቆሮ ይዛ ወደ በረንዳው ዞረች። እናቷ ወንበሯ ላይ ናት፤ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ፊቷን ወደ መኪናው አቅንታለች።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ፊደሉ ሊነሳ ነው።»

እናቷ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ሰውየው ነው ያለው?»

«እሱም ብሏል።»

«እሷም ብላለች» አለች እናት። «ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ምስኪን ልጅ። ስንት ሌሊት ስታለቅስ ሰምቻት ዝም ያልኳት ይሄን እንዳታስነሳብኝ ፈርቼ ነው።» ወንበሯን በእጆቿ ጨብጣ ተስተካከለች። «አንሺው። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

«ግቢ፣ እማ። ቤት ቆዪ።»

«አንሺው ብዬሻለሁ።»

ከ«መ» ጀመረች። ማድረቂያው ይጮኻል፣ ፊደሉ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። አንዱን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ስትሄድ እናቷ ከኋላዋ «አሁን ሁለት ቀሩ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ «አሁን አንድ»። ድምፅዋ በልጅነታቸው ቁጥር ስታስቆጥራቸው የነበረው ድምፅ ነው። የመጨረሻው ቁራጭ ሲነሳ ግን ቆጠራው ቆመ። ኢንጅነሯ ማድረቂያውን አጥፍታ ዞረች። እናቷ አሁንም ታያለች፣ አንገቷን ወደዚህም ወደዚያም እያለች ትፈልጋለች።

«ጠፋ» አለች እናት።

አልጠፋም ነበር። ደማቁ ሰማያዊ ጥላ ወደ ግራ እንዳዘመመ ጎኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። ገዢው ያየዋል። በር ላይ የቆመችው የወንድሟ ሚስት ታየዋለች። እንድታየው ተብሎ የተሠራላት ሴት ብቻ ናት የማታየው። ኢንጅነሯ ይህን ስታስብ አቅፋ ልትወስዳት ወደ በረንዳው ተራመደች። እናቷ ግን ቀድማ ተነሳች። እጇን ወደ ፊት ዘርግታ፣ እግሯን እየጎተተች፣ መኪናው ጋ ደረሰችና መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች።

«ሞቋል» አለች።

«በማድረቂያው ነው።»

መዳፏን ወዲያና ወዲህ አንሸራተተች። ከዚያ ቆመች።

«እዚህ ጋ ሻካራ ነው። እዚህ ጋ ለሰለሰ። ምንድን ነው?»

«ፀሐይ የመታው ይሻክራል፣ እማ። ስቲከሩ የሸፈነው ነው የለሰለሰው።»

እናቷ መዳፏን አንስታ በአንድ ጣቷ ተካችው። ልስላሴውን ተከትላ ዞረች፤ መሃሉ ላይ ሻካራውን ስታገኝ አቆመች፣ ከጎኑ ሁለተኛውን ሻካራ አገኘች።

«ቀዳዳዎቹ» አለች። «በምላጭ የከፈትሽልኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ። ‹እህቴ ላንቺ ብላ ዓይኗ ጠፋ› እያለ ሲስቅብሽ ነበር።»

ጣቷ ከ«መ» ወደ «ጣ» ወረደ፣ በረጅሙ እግር ላይ እስከ ታች ሄደ፣ ወደ «ሁ» ተሻገረ፣ ከጎኗ ያለችውን አጭር ዘንግ ነካ። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እንባዋ አገጯ ጋ ደርሶ ነበር። ማንም ወደ እሷ አልተጠጋም። ገዢው ባርኔጣውን አውልቆ ጣሪያውን ያያል።

«አጥፊው» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ይሄንንም። ቅድም ያንን ስታጠፊ እንደሰማሁሽ።»

«እማ፣ ሰውየው ግራውን ተዪው ብሏል። ግድ የለውም።»

«እኔ ነኝ ግድ ያለኝ። ልጄ ዕድሜውን ሙሉ መጣሁ ሲል ኖረ። ካሁን በኋላ በሰው መኪና ላይ፣ በየመንገዱ፣ ሳይመጣ መጣሁ እያለ አይዙርብኝ። ይረፍበት። ይቺ ልጅም ትረፍ።» የአፍንጫዋን ጫፍ በነጠላዋ ጠረገች። «እኔም ጠግቤያለሁ። በጣቴ አንብቤዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?»

እውነቷን ነው። ኢንጅነሯ ክርክር ፈልጋ አንድም አላገኘችም። ሰውየው መሄድ አለበት፣ ሚስቲቱ ማረፍ አለባት፣ እናትየው ፈቅዳለች። ቆርቆሮው እግሯ ሥር ነው። ጎንበስ ብላ ክዳኑን ያዘች። የዚያን ጊዜ ነው እናቷን ከሐዘን ስትጠብቅ የሰነበተች መስሏት የምትጠብቀው ራሷን እንደነበር የገባት። ጧት የለቀመችው ስብርባሪ ኪሷ ውስጥ ጭኗን ይወጋታል። በሳቅ መሃል በእጇ የሣለችው ግን ይህ የግራው ቃል ብቻ ነው። ሌላ የላትም።

ክዳኑን ለቀቀችው። ከቦርሳዋ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አወጣችና መኪናው ጎን ላይ አሳርፋ ማሸት ጀመረች። በደረቁ። ጨርቁ ሲሄድና ሲመለስ ድምፁ ያው የቅድሙ ድምፅ ነው። ከ«መ» እስከ «ሁ»፣ ከ«ሁ» እስከ «መ»። ትከሻዋ እንደገና እስኪዝል አሸች፤ አንድም ነገር አልጠፋም። እናቷ ከአጠገቧ ቆማ ጆሮዋን ሰጥታ ትሰማለች።

ገዢው ጨርቁን አየ፣ የተከደነውን ቆርቆሮ አየ። ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። ዞሮ ገባና መሪው ጋ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሳ።

«አለቀ?» አለች እናት።

«አለቀ፣ እማ።»

እናቷ የመጨረሻ ስንብት ልታደርግ እጇን ወደ መኪናው ዘረጋች። ኢንጅነሯ ጣቶቿን ብረቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት አየር ላይ ያዘቻቸውና በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«ተዪው» አለቻት። «ፖሊሹ ገና አልደረቀም፣ እጅሽን ያቆሽሽብሻል።»